ከጉልበት ሎሚ ሥር የሚሰማ ሕመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ምልክቱ

መረብ ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ፣ በተለይም ዘለው ሲያርፉ፣ እንዲሁም ከጎንደሩ ጎሃ ኮረብታ ቁልቁል በሩጫ ሲወርዱ ከጉልበትዎ ሎሚ ሥር የሚወጋ ሕመም ይሰማዎታል። ልምምድ ሲጀምሩ ያምዎታል፤ ሰውነትዎ ሲሟሟቅ ይተውዎታል፤ በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ግን ብሶ ይጠብቅዎታል። ብዙ ተጫዋቾችን የሚያዘናጋቸው በመሀል የሚገኘው ይህ እፎይታ ነው።

ለማጣራት እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ የጭንዎን ጡንቻ አላልተው የሎሚውን የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ሕመሙ በዚያች ጠባብ ቦታ ብቻ ከተሰማና በአንድ እግር ቁጢጥ ሲሉ ከጨመረ፣ የተጎዳው የሎሚው ጅማት ሳይሆን አይቀርም። ታማሚው በፍጥነት በማደግ ላይ ያለ ታዳጊ ከሆነና የሚያመው ዝቅ ብሎ በቅልጥም አጥንቱ ጉብታ ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ በማደግ ላይ ያለው አጥንት ስለሆነ አያያዙ ይለያል።

መንስኤው

ይህ ጅማት ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር አያይዞ የጭን ጡንቻን ኃይል ወደ እግር ያስተላልፋል። ከዝላይ ስናርፍ የሚሸከመው ጫና ከሰውነታችን ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ ስለሚላመድ፣ ክረምቱን አርፎ የከረመ ተጫዋች መስከረም ሲጠባ በየቀኑ መዝለል ሲጀምር ጡንቻው ቢችልም ጅማቱ አይችልም፤ የጅማቱ ክሮችም ሥርዓታቸውን እያጡ ይዳከማሉ።

መፍትሔው

«ጅማቱ ዞሯል» ተብሎ በኃይል መታሸት የቆሰለውን ቦታ ከማስቆጣት በቀር አይጠቅምም። ወጌሻ በሌላ ጉዳይ ሊረዳ ቢችልም ይህ ጅማት ግን ከቦታው አልወጣም። ለወራት መተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ ያልሠራ ጅማት ይበልጥ ይደክማልና። የስቴሮይድ መርፌም ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ቢያስታግስም ውሎ አድሮ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የሚያድነው በልክ የተሰጠ ሸክም ነው። መጀመሪያ ዝላይንና የቁልቁለት ሩጫን ይቀንሱ። ከዚያም ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበትዎን አጥፈው ለ45 ሰከንድ ይቆዩ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ እያረፉ 5 ጊዜ ይድገሙት። ሕመሙ ሲረጋ በሳምንት 3 ቀን፣ በ3 ሰከንድ ወርደው በ3 ሰከንድ እየተነሱ ቁጢጥ ብድግ ይሥሩ፤ የሚሸከሙትንም ክብደት ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከ0 እስከ 10 ባለው የሕመም መለኪያ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም፣ በማግስቱ ካልባሰ፣ ሊታገሡት የሚችሉት ነው፤ ከባሰ ክብደቱን ይቀንሱ። ለውጡ በአብዛኛው 3 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃልና ተስፋ አይቁረጡ። ወደ ዝላይ የሚመለሱት የታመመው እግርዎ የጭን ጥንካሬ ከደህናው እግር ጋር ሲተካከል ነው።

ጉልበትዎ «ቋ» ብሎ እግርዎን መዘርጋት ካቃተዎት፣ ወዲያው ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ከቀላና ከጋለ፣ ስፖርቱን አቁመው በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በቅርብዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።