ጁስ መፍጫው ሲነሳ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ፍኖተ ሰላም አንድ ጁስ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቷ መብራት ሲሄድ ሥራ እንዳይቆምባት ሶላር፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ገዝታለች። አምፖሉ ይበራል፣ ስልኩም ቻርጅ ይሆናል። መፍጫው ሲነሳ ግን ኢንቨርተሩ ይጮህና ጭጭ ይላል። «ፎርጅድ ነው፣ ሸወዱኝ» አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው።

ኢንቨርተር የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ወደ ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ፣ የቤት መብራት ዓይነት) የሚቀይር ሳጥን ነው። ይህንኑ ሥራ ሕንፃ በሚያህል መሣሪያ የሚሠሩ ጣቢያዎች አሉ። ሰሜን ባሕር ውስጥ ከዳርቻው ርቀው የተተከሉ የነፋስ ተርባይኖች ኃይላቸውን ባሕሩ ላይ ወደቆመ ጣቢያ ይልካሉ። እዚያ ዲሲ ይሆንና በኬብል ወደ የብስ ይመጣል። የብስ ላይ ያለው ጣቢያ መልሶ ኤሲ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ጣጣ ያስፈለገው ኤሲ በረጅም የባሕር ኬብል ሲሄድ ኬብሉን ራሱን ሲሞላና ሲያራግፍ አቅሙ ስለሚያልቅ ነው። በእኛም አገር ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመር አለ፤ በሁለቱም ጫፍ መቀየሪያ ጣቢያ ተሠርቶለታል። ትልቁም ትንሹም የሚታመሙት በሽታ ይመሳሰላል።

ቀላል እቃ ይሠራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙና አንድ ሰው መፍጫውን ሲያስነሳ ሁለት ቦታ ለኩ። መጀመሪያ የባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ቀጥሎ ገመዱ ኢንቨርተሩ ውስጥ የሚገባበት ላይ። ጁስ ቤቱ ውስጥ ባትሪው ላይ 12.2 ቮልት አገኘሁ። ኢንቨርተሩ ጋ የደረሰው ግን 10 ብቻ ነው። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች 10.5 ገደማ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው።

2.2 ቮልቱን ማን በላው? ባትሪው ጓዳ ነው ያለው። ደርሶ መልስ 10 ሜትር ገመድ ተዘርግቷል፤ እሱም ለአምፖል የሚሆን ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር። መፍጫው ላይ 600 ዋት ተጽፏል። በ12 ቮልት ሲሰላ ቢያንስ 50 አምፔር ይሆናል፤ ሲነሳማ ከዚያም ይበልጣል። የዚያ ገመድ ተቃውሞ 0.044 ኦም ገደማ ነው። በ50 ስታባዙት የጠፋው ቮልት ቁጭ ይላል።

መፍትሄው ባትሪውን ማቅረብና ገመዱን ማወፈር ነው። ደርሶ መልስ 2 ሜትር፣ ባለ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር አደረግንላት። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገባ። ብሎኖቹንም አጠበቅን፤ የላላ ብሎን ከቀጭን ገመድ አይሻልም። ሲቀርብ ግን ባትሪና ኢንቨርተር አንድ ዝግ ሳጥን ውስጥ እንዳይገቡ፤ ባትሪ ቻርጅ ሲሆን የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ባለ 24 ቮልቱን አስቡበት። ለዚያው ኃይል አምፔሩ በግማሽ ይቀንሳል፣ በዚያው ገመድ ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ሩብ ይሆናል። የባሕሮቹ ጣቢያዎች ቮልቴጁን ሰማይ የሚያደርሱት ለዚህ ነው። ዶልዊን 1 የሚባለው የጀርመን መስመር 800 ሜጋ ዋት ያሳልፋል። በሁለቱ ኬብሎች መካከል 640 ኪሎ ቮልት ስላለ 1,250 አምፔር ይበቃዋል። በ12 ቮልት ቢሆን ከ66 ሚሊዮን አምፔር በላይ ይፈልግ ነበር። ለዚያ የሚሆን ገመድ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

ሙቀት ነው። አንድ ቤት ኢንቨርተሩን እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሰውት አይቻለሁ። ያምራል፣ ግን መተንፈሻውን አፍኖታል። ወፍጮ ቤት ከሆነ ደግሞ ፋኑ ዱቄት ጠጥቶ ታገኙታላችሁ። አጥፉት፣ ከባትሪው ንቀሉት፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪወርድ ጠብቁ፤ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። በየጎኑ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ሙቀት አንስቶ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። እኔ በእኛ አገር 1,000 የተጻፈበትን 800 ብዬ ነው የምቆጥረው። ባሕር ላይ ያሉት ጣቢያዎች ዋናውን መቀየሪያ የሚያቀዘቅዙት ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ እጅግ የተጣራ ውሃ ነው፤ ጨዋማ አየር እንዳይገባም ይከላከላሉ።

ፋን ወይም ፍሪጅ እንደ ንብ ጢዝ ይላል፣ ይግላል

ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። አምፖል ግድ የለውም፣ ሞተር ግን ይቆጣል። ጥገና የለውም። ስትገዙ ፒዩር ሳይን ዌቭ (ለስላሳ ሞገድ) የሚል ፈልጉ። ዘመናዊዎቹ ትልልቅ ጣቢያዎችም ደረጃ ነው የሚሠሩት፤ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ደረጃዎችን ስለሚደራርቡ ሞገዱ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

ጭራሽ አይነሳም

ፊውዙን እዩ። ቀይና ጥቁር ተገለባብጠው ታስረው ይሆናል። አዲስ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ አቁሙ፤ ውስጡ ሾርት አለ። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ የሚያስር ባለሙያ ካጋጠማችሁ በትህትና ሸኙት።

ቀን ደህና ነው፣ ማታ ቶሎ ያልቃል

ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። 100 ዋት ካበራችሁ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነው የሚያቆያችሁ። ክረምት ላይ ደመናው ሲከርም ባትሪው ሳይሞላ ይሰነብታል፣ ሳይሞላ የሚሰነብት የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ፓኔሉን አጽዱ፣ ጥላ የሚጥልበትን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በሐምሌና ነሐሴ ቴሌቪዥኑን ቀነስ አድርጉ።

ምጣድ ይሠራል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አይሠራም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ነው።