የጅማን ታሪክ በአንድ ቀን ማየት ከፈለጋችሁ ከገበያው ጀምሩ

ጅማ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በየት ነው?» ብሎ ነው። ባጃጅ ይይዛል፣ ጅሬን ይወጣል፣ ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። በቃ። ከተማዋን ግን አላያትም። የጅማ መንግሥት መቀመጫ ኮረብታው ላይ ያለችው ጅሬን ነበረች፤ ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ ግን ያደገችው ከታች ከነበረው ከሂርማታ ገበያ ነው። ስለዚህ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ከቻላችሁ ሐሙስ ይሁን። የሂርማታ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነበር፤ በደጉ ዘመን እስከ 30 ሺህ ሰው ይወጣበት እንደነበር ይነገራል። ዛሬም የጅማ ገበያ ሐሙስ ይደምቃል። በጠዋት ግቡ። የእንጨት ሥራ ከሚሸጥበት ስትደርሱ ቆም በሉና አንዱን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንስታችሁ ገልብጡት። መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። የጅማ ሰው እጅ ምን ያህል የሠለጠነ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

እዚያው ሳላችሁ የሚከብደውንም ጠይቁ። በዚያ ዘመን ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማ ከትልልቆቹ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ቤተ መንግሥቱን ካቆመው ሀብት ውስጥ የእነዚያ ሰዎች ዋጋም አለበት። ይሄን ዘሎ የሚያልፍ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ እናንተ አንሱበት።

ከዚያ ሳይረፍድ ወደ ጅሬን። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ትንሽ ነገር ያዙ፤ ካልሆነ የምታዩት አሮጌ ቤት ብቻ ይሆናል። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አዛውንቶች በኛ ስለሚነግሯችሁ 7 ወይም 8 ዓመት ደምሩበት።) ጅማ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት (የጊቤ መንግሥታት ከሚባሉት) አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር መንግሥቱን ያጠናከሩት ከ1830 ገደማ ጀምሮ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ግን ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው፤ በ1878 ነግሠው በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ገዙ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲገፋ አልተዋጉም፤ ገብረው ዙፋናቸውን ያዙ። በዚህ ምክራቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይወሳል። ጎረቤቷ ከፋ ግን ተዋግታ በ1897 ወደቀች፣ ብዙም ጠፋባት። አንዳንዱ የአባ ጅፋርን መገበር እንደ ድክመት ያየዋል። ለኔ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ጅማ ለአምሳ ዓመት ያህል የራሷን ጉዳይ ራሷ ስታስተዳድር የኖረችው በሱ ነው።

ጅሬን ስትደርሱ ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ። የእንጨቱን ቅርጽ ተጠግታችሁ እዩ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ታች አዙሩና ከተማዋን ፈልጉ፤ ንጉሡ ከገበያው ርቀው፣ ገበያውን ግን ከዓይናቸው ሳያርቁ እንደተቀመጡ ያኔ ይገባችኋል። አጠገቡ ወዳለው መስጊድ ከሄዳችሁ ለብሳችሁ በሥርዓት ሂዱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ተመለሱ። ጣሊያን ከ1936 በኋላ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር፤ ሰፋፊዎቹ መንገዶችና አንዳንዶቹ አሮጌ ሕንፃዎች የዚያን ጊዜ ናቸው። በእግር ቶሎ ያልቃል። ከነፃነት በኋላም ለረጅም ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች።

የጅማን ሙዚየም ለዝናቡ ሰዓት አቆዩት። የአባ ጅፋር የግል ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ጠዋት ገበያ ላይ በርጩማ ገልብጣችሁ ካያችሁ በኋላ የንጉሡን ወንበር ስታዩ የዚያው እጅ ሥራ መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ክፍት መሆኑን ግን ጠዋቱኑ ጠይቁ፤ የበዓል ቀን ከሆነ በከንቱ ትመላለሳላችሁ።