«ምኑ ነው ሥዕሉ?»፦ ዘመናዊ ሥዕል አልገባ ሲል

ሙዚየም ገብተው፣ አዳራሽ ለአዳራሽ ሲዞሩ ውለው፣ እግራቸውን አሟቸው የሚወጡ ሰዎች «ጥበብ አይገባኝም» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አላምናቸውም። ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። ከታች የእርስዎን ችግር ፈልገው ከዚያ ይጀምሩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞሬ አንድም ሥዕል ትዝ አይለኝም

ምክንያት፦ ብዛት። ሰው በሞላበት ድግስ ላይ ሃምሳ ሰው እንደ መጨበጥ ነው፤ እጅ ይደክማል እንጂ ትውውቅ የለም።

መፍትሄ፦ የሙዚየሙን ድረ ገጽ ከፍተው አምስት ሥራ ብቻ ይምረጡ። ሦስቱ ደስ የሚሉዎት፣ ሁለቱ የሚያናድዱዎት ይሁኑ። ሥዕል ለሌላ ሙዚየም በውሰት ይሄዳል፣ ወደ መጋዘንም ይገባል፤ ስለዚህ የመረጧቸው በዚያ ሰሞን መሰቀላቸውን ያጣሩ። እያንዳንዱ ፊት አሥር ደቂቃ ይቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች አሰልቺ ናቸው፤ ዓይን ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን እንደተሳለ አልለየሁትም

ምክንያት፦ ጥያቄው። ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ መልክን አስመስሎ ማስቀረት የሠዓሊ ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ወደ ሌላ ነገር ዞሩ፤ ተመልካቹ ግን አሁንም «ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ቤት?» እያለ ይጠይቃል።

መፍትሄ፦ ጥያቄውን ይቀይሩ። ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያ ወዴት ተሳበ? የትኛው ቀለም ወደ እኔ ይመጣል፣ የትኛው ይሸሻል? ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሸሽቶ በ1940 ኒው ዮርክ ገባ። በ1942 እና 1943 የሠራው «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ» ቢጫ መስመሮች፣ ትንንሽ ካሬዎችና ጥቂት አራት ማዕዘኖች ብቻ ነው። «ምንድን ነው?» ካሉት ዝም ይላል። በመስመሮቹ ላይ ዓይንዎን ካስኬዱት ግን እየዘለለ እየቆመ ይሄዳል፤ እንደ ብሮድዌይ ያሉት የከተማው መንገዶችና ሠዓሊው የሚወደው ቡጊ ዉጊ የተባለ ሙዚቃ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ባይገባኝስ ብለው አይፈሩ። በ1961 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፈረንሳዊው ሠዓሊ የማቲስ ሥራ «ጀልባው» 47 ቀን ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ ነበር። ስህተቱን ያየችው አንዲት ጎብኚ ናት።

«ይሄንንማ ልጄም ይሠራዋል»

ምክንያት፦ እጅን ብቻ ማየት። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ የእጅ ጥበብ ውድድር ውስጥ አልገቡም፤ በጊዜው ከነበረ ደንብ ጋር ክርክር የገጠሙ ናቸው። ክርክሩን ሳያውቁ መልሱን ብቻ ሲያዩት ባዶ ይሆናል። የሠዓሊው የማሌቪችን «ጥቁር ካሬ» ይውሰዱ። በ1915 ፔትሮግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ላይ ሲታይ የተሰቀለው ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ሩሲያውያን በየቤታቸው ቅዱስ ሥዕል የሚያኖሩበት ቦታ። ያን ለሚያውቅ ሰው ድፍረቱ ግልጽ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻን ደግሞ በ1917 ከሱቅ የመጣ የሽንት መሽኛ ላይ «አር. ሙት» ብሎ በሐሰት ስም ፈርሞ ለአንድ ዐውደ ርዕይ ላከ። አዘጋጆቹ ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ሥራው ይታያል ብለው ነበር፤ ይሄኛው ግን ለእይታ አልቀረበም። የተፈተነው ቃላቸው ነበር። የመጀመሪያው ዕቃ ጠፍቷል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ያሉት በኋላ በእሱ ፈቃድ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው።

መፍትሄ፦ ለመረጧቸው አምስት ሥራዎች አንድ ነገር ብቻ አንብበው ይሂዱ፦ በዚያ ዓመት ሌሎቹ ምን ይሠሩ ነበር፣ ይሄኛውን አይቶስ ማን ተቆጣ? ይሄን ካወቁ በኋላ አለመውደድ መብትዎ ነው። እኔ ራሴ የዱሻንን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ ዕቃውን ለማየት ግን አልሰለፍም።

በስልክ አይቼ የወደድኩት ፊት ለፊት ቀዘቀዘብኝ

ምክንያት፦ የሥዕሉ መጠን። ስልክ ሁሉንም ሥዕል እኩል ያደርገዋል። የፒካሶ «ጌርኒካ» ቁመቱ 3.49፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። ሠዓሊው ዳሊ የቀለጡ ሰዓቶችን የሳለበት ዝነኛ ሥዕል ግን 24 በ33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ግድግዳ የሚሞላ ሸራ ጠብቆ የሄደ ሰው ቢያዝን አይገርምም።

መፍትሄ፦ ልኩን ከድረ ገጹ ወስደው ቤትዎ ግድግዳ ላይ በክር ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። አስቂኝ ይመስላል፤ ግን ሙዚየም ሲደርሱ የት እንደሚቆሙ አስቀድመው ያውቃሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮትኮ ሰው ወደ ትልልቅ ሸራዎቹ በጣም እንዲጠጋ ይፈልግ ነበር፣ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ። ጥበቃው የፈቀደውን ያህል ይጠጉ፤ ቀለሙ ዓይንዎን ሲሞላው ዳሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ፖሎክ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየተራመደ ነበር ቀለም የሚያንጠባጥበው፤ የእሱን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመዱ ይዩት።

ጽሑፉን አነበብኩ፣ ሥዕሉን ግን አላየሁም

ከጎን የተለጠፈችው ጽሑፍ ዓይንን ትሰርቃለች። መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን።

በማግስቱ ሁሉም ይጠፋብኛል

ምክንያት፦ ማስታወሱን ለካሜራ መተው። መፍትሄ፦ ማታ፣ ያነሱትን ፎቶ ሳይከፍቱ አንዱን ሥዕል በእርሳስ ከትዝታዎ ይሳሉ። መጥፎ ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ ከፎቶው ጋር ያስተያዩት፤ ባዶ የቀረውን ጥግ ያክብቡበትና በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ በቀጥታ ወደዚያ ጥግ ይሂዱ።