የህዝብ ቁጥር ስንፅፍ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ጎንደር የተማሪ መመረቂያ ፅሁፍና የፕሮጀክት ፕሮፖዛል ሳነብ ብዙ አመት ሆነኝ፣ እና ሁሌ የምጣላው የመጀመሪያው ገፅ ላይ ካለው የህዝብ ቁጥር ጋር ነው። "አንድ ቁጥር ነው፣ ምን ችግር አለው" ይሉኛል። ቧንቧ የሚዘረጋው፣ መማሪያ ክፍል የሚሰራው፣ ክትባት የሚላከው እኮ በዛ ቁጥር ነው፣ ለዛ ነው የማልተወው።

ከሁሉም የሚበዛው የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እስካሁን የተካሄደው ሶስት ቆጠራ ነው፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ 1984፣ 1994 እና 2007 የሚሉት ማለት ነው። አንዱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ 1994 የሚል ያገኝና "በ1994 ዓ.ም. የጎንደር ከተማ ህዝብ 112,249 ነበር" ብሎ ይፅፋል፣ ቀጥሎ የ1999ኙን 207,044 ያመጣና ሲያሰላ ከተማዋ በአምስት አመት ውስጥ እጥፍ ልትሆን ምንም ያልቀራት ያስመስላታል፣ እድገቱ ግን የ12 አመት ከምናምን ወር ነው። በዚህ ስሌት የወደፊት የውሃ ፍላጎት ሲሰራ አስቡት። ስለዚህ ከየትኛውም አመት ጎን ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. የሚለውን ሳትፅፉ አትለፉ።

ሁለተኛው ግምትን ቆጠራ ብሎ መጥራት ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ የለም። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 103 ላይ በየአስር አመቱ ይላል፣ አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በፀጥታ ምክንያት እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ "በ2014 ቆጠራ መሰረት" የሚል ካያችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አሁን የምንሰማው ሁሉ ትንበያ ነው፣ ትንበያዎቹም አይስማሙም፣ እ.ኤ.አ. ለ2022 የተባበሩት መንግስታት 123 ሚሊዮን አካባቢ ሲል የራሳችን ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት ትንበያ 105 ሚሊዮን አካባቢ ነው። አንዱን መርጣችሁ የማን እንደሆነ ፃፉ፣ በተለይ ደግሞ የሀገሩን ድምር ከአንዱ፣ የክልሉን ከሌላው ወስዳችሁ ፐርሰንት እንዳታወጡ።

የኛ አካባቢ ልዩ ስህተት ደግሞ አለ፣ እሱም ሰሜን ጎንደር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሰሜን ጎንደር ዞን 2,929,628 ህዝብ ነበረው፣ ያኔ ግን ዞኑ መተማንም ደምቢያንም ስሜንንም ይዞ ነበር። ከዛ ለሶስት ተከፈለ፣ ሰሜን ጎንደር (ደባርቅ)፣ ማዕከላዊ ጎንደር (ጎንደር) እና ምዕራብ ጎንደር (ገንዳ ውሃ)። ስሙ ግን ያው ስለሆነ ሰው የድሮውን ቁጥር አንስቶ ለአሁኑ ዞን ይለጥፈዋል፣ የአሁኑ ዞን የወባ ወይ የቲቢ በሽተኛ ለዛ ቁጥር ሲካፈል ህመሙ ከእውነተኛው በጣም አንሶ ይታያል። መፍትሄው አድካሚ ነው፣ በወረዳ ወርዶ መደመር፣ ወረዳው ራሱ ተከፍሎ ከሆነ ቀበሌ ድረስ መውረድ። ሌላ አቋራጭ አላገኘሁም። "የጎንደር ህዝብ" ስትሉም ከተማውን ነው ወይስ የድሮውን ክፍለ ሀገር፣ ግልፅ አርጉት።

የወሊድ አማካይ ላይም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የስነ ህዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች፣ ግን አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2፣ አማራ ክልል 3.7 ነው። 4.6ን አንስቶ ጎንደር ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም፣ 3.7ንም ለከተማውና ለገጠሩ እኩል ማድረግ ልክ አይደለም፣ በሀገር ደረጃ ገጠሩ 5.2 ሲሆን ከተማው 2.3 ነበር። "ወሊድ ከቀነሰ ህዝቡ ለምን ይጨምራል፣ ዳታው ውሸት ነው" የሚሉም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ከመቶ 45 ያህሉ ከ15 አመት በታች ነበር፣ እነዚያ ልጆች አሁን ወላጆች ናቸው፣ እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድም እናቶቹ ራሳቸው በዝተዋል።

ለመረጃ ሰብሳቢዎች የምለው ደግሞ እድሜን ዝም ብላችሁ አትመዝግቡ። ገጠር ስትወጡ 40፣ 45፣ 50፣ 60 ብቻ ነው የምትሰሙት፣ 43 ወይ 57 የሚል የለም ማለት ይቻላል፣ ዳታው ዜሮና አምስት ላይ ይቆለላል። ወገራ ላይ አንዲት እናት "እማማ፣ እድሜዎ ስንት ነው?" ስላቸው "60 በለው ልጄ" አሉኝ። ቁጭ አልኩና ንጉሱ ሲወርዱ ምን ያህል ነበሩ፣ አግብተው ነበር ወይ አልኳቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቅፈው እንደነበር፣ በ77ቱ ድርቅ ደግሞ አምስተኛውን እንደወለዱ ነገሩኝ፣ በዛ ተነስተን ሁለታችንም ስናሰላ 67 ወጣ።