የፓይቴስት ውጤት ሲዝረከረክ፦ ችግርና መፍትሄ

ቴስቶቹ በሙሉ አልፈዋል፣ ተርሚናሉ ግን በፕሪንትና በሎግ ተጥለቅልቋል። የፓይተን ኮድ መፈተሻ የሆነው ፓይቴስት ሳይነኩት ከተዉት ያለፈ ቴስት የጻፈውን ይይዝና የወደቀውን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ መያዙን ያጠፋው ነገር አለ ማለት ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ «አድኦፕትስ» የሚለውን፣ ሁልጊዜ የሚታከሉ አማራጮች የሚጻፉበትን መስመር ክፈቱ፤ አንድ ቀን ስህተት ለመፈለግ የገባች፣ መያዙን የምታጠፋ «ሰረዝ ኤስ» ብዙ ጊዜ እዚያው ተረስታ ትገኛለች። እሷ ከሌለች ሎግን በቀጥታ ተርሚናሉ ላይ የሚያወጣው «ሎግ ሲኤልአይ» በርቶ እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ቋሚ ቦታ አይገባቸውም፤ ሲያስፈልጉ ትእዛዙ ላይ ብቻ ይጻፉ።

ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ «ሎጊንግ ኤረር» ብሎ የሚመጣው፣ የተዘጋ ፋይል ላይ ሊጻፍ ተሞከረ የሚለው ረጅም ትሬስባክ (ስህተቱ የመጣበት የጥሪ ዝርዝር) ነው። ቴስት እየሮጠ ሳለ ኮዳችሁ የሎግ ሃንድለር (ሎጉን ወደ መድረሻው የሚጽፍ ክፍል) ከፈጠረ፣ ሃንድለሩ የሚይዘው እውነተኛውን ተርሚናል ሳይሆን ፓይቴስት ለጊዜው የተካውን ነው። ፓይቴስት ሥራውን ሲጨርስ ያንን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ሲወጣ የሚጠራ ፋንክሽን ወይም ያልቆመ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ሎግ ሲጽፍ ይፈነዳል። መፍትሄው በፊክስቸሩ (ለቴስቱ የሚያዘጋጅና የሚያጸዳ ፋንክሽን) ውስጥ ከ«ዪልድ» በታች፣ ማለትም ቴስቱ ካለቀ በኋላ በሚሮጠው ክፍል፣ ሃንድለሩን ማንሳት፣ ትሬዱንም በ«ጆይን» እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። የሎጊንግን «ሬይዝ ኤክሴፕሽንስ» ፎልስ ማድረግ መልእክቱን ይደብቃል እንጂ ትሬዱን አያቆምም፤ አታድርጉት።

ቴስት ወድቆ «አሰርሽን ኤረር» ብቻ ካያችሁ፣ አሰርቱ (ውጤቱ የተጠበቀው መሆኑን የሚፈትሸው መስመር) ያለው በረዳት ፋይል ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ፓይቴስት የሁለቱን ወገን ዋጋ ዘርዝሮ የሚያሳየው የቴስት ፋይሎችን፣ የ«ኮንፍቴስት»ን (የቴስቶቹ የጋራ ማዘጋጃ ፋይል) እና የፕለጊኖችን አሰርት ብቻ እንደገና ስለሚጽፍ ነው። ኮንፍቴስት ውስጥ «ሬጂስተር አሰርት ሪራይት»ን በረዳት ሞጁሉ ስም ጥሩ። ይህ ሞጁሉ ኢምፖርት ከመደረጉ በፊት መሆን አለበት፤ ከዘገየ አይሠራም። ዝርዝሩ ወጥቶ መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን «ሰረዝ ቪቪ» ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ሁሉንም አታፍኑ። «ፊልተር ዋርኒንግስ» ላይ መጀመሪያ «ኤረር» ጻፉ፣ ከሥሩ ከውጭ ላይብረሪ የሚመጣውን ለይታችሁ «ኢግኖር» በሉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ከአንድ በላይ ከገጠመ የሚሠራው የመጨረሻው መስመር ነው።

የሲአይ (ቴስቶችን በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስሮጥ ሥርዓት) ሎግ ላይ እንደ «[31ኤም» ያለ ቁርጥራጭ ከታየ የቀለም ኮድ ነው፤ እዚያ ብቻ «ከለር»ን «ኖ» አድርጉት።