የእንግሊዝኛው ሰብጀንክቲቭ ሲያስቸግር

ሰብጀንክቲቭ የሚባለው የግስ አገባብ የሆነውን ሳይሆን እንዲሆን የሚፈለገውን ወይም በሐሳብ ብቻ ያለውን ነገር ይገልጻል፤ ግእዝ የተማረ ሰው «ዘንድ አንቀጽ»ን (እንደ «ይሆን ዘንድ» ያለውን የግስ መልክ) ቢያስታውስ ጠባዩ እንግዳ አይሆንበትም።

«ሂ ሰጀስትድ ዛት ሺ ጎዝ»

ምልክቱ፦ «እንድትሄድ ሐሳብ አቀረበ» ለማለት፣ ሐሳብ ወይም ጥያቄ ከሚያቀርብ ግስ በኋላ «ሺ ጎዝ» ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ «ሂ ሰጀስትድ ሀር ቱ ጎ» ተብሎ ይጻፋል።

መንስኤው፦ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ «ኤስ» እንደሚጨመር፣ ዋናው ግስ ኃላፊ ከሆነም ተከታዩ አብሮ እንደሚለወጥ አጥብቀን ስለተማርን፣ ሁለቱም ደንቦች የማይሠሩበት ቦታ መኖሩን እንዘነጋለን።

መፍትሔው፦ ከ«ዛት» በኋላ ግሱ ምንም ሳይጨመርበት ይቀመጣል፤ «ሂ ሰጀስትድ ዛት ሺ ጎ»። «ኢዝ» በ«ቢ» ይተካል፤ አሉታውም «ዱ» ሳያስፈልገው «ዛት ሺ ኖት ጎ» ይሆናል። ይህ አጻጻፍ ይበልጥ የተለመደው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ በብሪታንያ «ሹድ ጎ» ማለት ስለሚዘወተር፣ ጆሮው ያልተቀበለው ሰው በ«ሹድ» ሊገላገል ይችላል።

ከሁሉም የሚያደናግረው «ኢንሲስት» ነው። «ሂ ኢንሲስትድ ዛት ሺ ዎዝ ኦነስት» ማለት ሐቀኛ እንደነበረች አጥብቆ ተናገረ ማለት ሲሆን፣ «ዛት ሺ ቢ ኦነስት» ግን ሐቀኛ እንድትሆን አጥብቆ ጠየቀ ማለት ነው። ልዩነቱን አማርኛው ራሱ ይነግረናል፤ «እንደ» ሲመጣ ተራው ግስ፣ «እንዲ» ወይም «እንድት» ሲመጣ ሰብጀንክቲቩ ይገባል። መፈተኛው ግን «ሆፕ» እና «ዋንት» ላይ ያሳስታል፦ «እንድትመጣ ተስፋ አደርጋለሁ» በእንግሊዝኛ «አይ ሆፕ ሺ ከምዝ» ሲሆን፣ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ደግሞ «አይ ዋንት ሀር ቱ ከም» ነው።

«ኢፍ» ባለበት ሁሉ «ዌር»

ምልክቱ፦ «ኢፍ አይ ዌር ዩ»ን የተማረ ሰው «ኢፍ ሂ ዌር ሂር የስተርዴይ፣ አይ ዲድ ኖት ሲ ሂም» ብሎ ይጽፋል።

መንስኤው «ኢፍ»ን የሰብጀንክቲቭ ምልክት አድርጎ መውሰድ ነው። እዚህ ግን ሰውየው በእርግጥ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛውም «ትናንት እዚህ ከነበረ» እንጂ «እዚህ ቢሆን» አይደለም። ስለዚህ ለ«ከነበረ» «ዎዝ»፣ ለማይጨበጠው «እኔ አንተን ብሆን» «ዌር» ይደረጋል። በንግግር «ኢፍ አይ ዎዝ ዩ» የሚሉ ተናጋሪዎች ብዙ ስለሆኑ መደንገጥ አያሻም፤ በመደበኛ ጽሑፍ ግን «ዌር» ይመረጣል።

«ጋድ ሴቭ ዘ ኪንግ» (እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ) ላይ «ኤስ» መጉደሉም ስሕተት አይደለም፤ «ሴቭዝ» ብሎ ያረመው ሰው ምኞቱን ወደ ዜና ይለውጠዋል።