የጀርባ ቫኪውም ስታዝሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች፣ በተለይ ያቺ የወገብ ቀበቶ

በጀርባ የሚታዘለውን ቫኪውም ክሊነር ለአዲስ ሠራተኛ ሳስረክብ መጀመሪያ ዝም ብዬ አያለሁ። ምንም አልናገርም። አብዛኛው ሰው ማሽኑን ከመሬት ብድግ ያደርገዋል፣ አንዱን ማንገቻ በአንድ ትከሻው ያጠልቃል፣ ወገቡን ጠምዝዞ ሌላውን ማንገቻ በዳበሳ ይፈልጋል፣ ከዚያ ማብሪያውን ተጭኖ መጥረግ ይጀምራል። የወገብ ቀበቶው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ጭኑን እየመታው ነው። "ቀበቶውስ?" ስለው "አይ፣ አልከበደኝም" ይለኛል።

አዎ፣ አሁን አይከብድህም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እንነጋገራለን።

እውነቱን ለመናገር ይህን የምጽፈው በዚህች ቀበቶ ምክንያት ነው፣ ሌላው ሁሉ ምርቃት ነው። የእነዚህ ማሽኖች ክብደት እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ገመድ ያላቸው ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ኪሎ አካባቢ ናቸው፣ በባትሪ የሚሠሩት ከዚያም ሊብሱ ይችላሉ። 5 ኪሎ ለአንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። ግን ክንዳችሁ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሁለት ሦስት ሰዓት ትከሻ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ሌላ ነገር ነው። ማንገቻው በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ ይጫነዋል። ሰውየው ክብደቱን ለማመጣጠን ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ደግሞ የታችኛው ጀርባው ይወጠራል። ማታ "ይሄ ማሽን ገደለኝ" ይላል። ማሽኑ ምን አደረገህ? ቀበቶ ሰጥቶህ ነበር እኮ። የቀበቶው ሥራ ክብደቱን ወደ ዳሌ አጥንት ማውረድ ነው። የትከሻ ማንገቻው ሥራ ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ እንዳይንጋለል መያዝ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ገልብጦት ይሠራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አንድ ጊዜ በደንብ እንየው። መጀመሪያ ሁሉንም ማሰሪያ አላሉ። ሁሉንም! ከዚያ እዘሉት። አሁን እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁሙና የዳሌ አጥንታችሁን ጫፍ በጣታችሁ ፈልጉ። የቀበቶው ወርድ እሱ አጥንት ላይ ይረፍ። እምብርት ላይ አይደለም፣ ሱሪ የሚታሰርበት ዝቅ ያለው ቦታም አይደለም። ትከሻችሁን ወደ ላይ ሰቀል አድርጉ፣ የቀበቶውን ዘለበት ቆልፉ፣ አጥብቁ። ከዚያ ትከሻችሁን ልቀቁት። ክብደቱ ዳሌያችሁ ላይ ዘፍ ሲል ይሰማችኋል። ካልተሰማችሁ ቀበቶው ላላ ብሏል ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ድገሙት። የትከሻ ማንገቻውን የምትስቡት ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ማሽኑ ጀርባችሁን እስኪጠጋ ብቻ። የደረት ማሰሪያ ካለው መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሽ በማያሳጥር ልክ። እኔ የምፈትሽበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ማንገቻው ከትከሻ በላይ በሚያልፍበት ቦታ ሁለት ጣት አስገባለሁ። ያለ ትግል ከገቡ ጨርሰናል።

እኔ ራሴስ? ስጀምር ቀበቶው እንዳይንጠለጠልብኝ ብዬ ወደ ኋላ አዙሬ ማሽኑ ላይ ቆልፌው ነበር የምሠራው። ለወራት። አንገቴን ወደ ግራ ማዞር ሲያቅተኝ ትራስ ቀየርኩ። ትራስ! አንድ ቀን አንድ ነባር ባልደረባዬ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ምንም ሳይናገር ቀበቶውን ፈትቶ ወደ ፊት አመጣው፣ ዳሌዬ ላይ ቀርቅሮ አጠበቀውና መንገዱን ቀጠለ። ያን ቀን ሥራ ስጨርስ ማሽኑን ማውረድ ረስቼ ሻይ ልጠጣ ተቀምጫለሁ።

ከቀበቶው ጋር የሚሄድ ሌላ ጥፋት አለ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ጀርባን የሚደግፈው ሰሌዳ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወይም የማንገቻው ቦታ ይቀየራል። ረጅም ሰው የተጠቀመበትን ማሽን አጭር ሰው እንዳለ ካዘለው ቀበቶው ጭኑ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ "ቀበቶው ለእኔ አይሆንም" ይባላል። ይሆናል። በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ማሽኑን በተረከባችሁ ቁጥር ማስተካከል አለባችሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከመሬት ብድግ አድርጎ ማዘል፦ አታድርጉት። ወገብ ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ወይም ጋሪ ላይ አስቀምጡት፣ ጀርባችሁን ስጡት፣ እጃችሁን አስገቡ፣ ተነሱ። ልጅ ያዘለ ሰው ይህን ማንም አያስተምረውም።

አሁን ወደ ዘንጉ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደምትጠርጉበት ረጅም ቧንቧ። ሰው ቀጥ ብሎ መሥራት የሚችልበትን ማሽን አዝሎ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ማየት ያናድደኛል። የጀርባ ቫኪውም ትልቁ ጥቅሙ አለመጎንበስ ነው እኮ! ዘንጉ የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ እጃችሁ ዳሌ አካባቢ እንዲሆን አድርጉት። ማሽኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ደግሞ በምትሠሩበት እጅ በኩል በብብት ሥር ይለፍ። በትከሻ ላይ ወይም በአንገት ዙሪያ ጠምዝዘው የሚሠሩ አሉ፣ ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። አልፎ አልፎ እጅ ቀይሩ።

አጠራረጉም የተለየ ነው። በመንኮራኩር የሚገፋውን ቫኪውም የለመደ ሰው ይህንንም ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ይገፋል፣ ይስባል። በሰድር ወይም በጣውላ ወለል ላይ ይህ ድካም ብቻ ነው። ወለል እንደምትወለውሉ ከጎን ወደ ጎን እያወዛወዛችሁ በዝግታ ተራመዱ። ምንጣፍ ላይ ግን አትቸኩሉ። በችኮላ የታለፈ ምንጣፍ ላዩ ብቻ ነው የሚጸዳው፣ አሸዋው ሥር ይቀራል።

ገመዱ። ቀበቶው ላይ ወይም ማሽኑ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ማንጠልጠያ አለች። ብዙ ሰው ለቁልፍ የተሠራች ይመስለዋል። ኤክስቴንሽኑን በእሷ ውስጥ አጥፋችሁ አሳልፉት፣ ከዚያ ስፒናውን ሰኩ። ገመዱ የሆነ ቦታ ሲያዝ የሚጎተተው ማንጠልጠያዋ እንጂ መጋጠሚያው አይሆንም። ይህን ያላደረገ ሰው በየአምስት ደቂቃው ማሽኑ ይጠፋበታል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰካል፣ ይሳደባል። ገመዱን ከሩቅ ጎትቶ ከግድግዳ መንቀል የስፒናውን እግር ያጣምመዋል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ አትጠቀሙ፣ ተጠቅልሎ ኃይል ሲያሳልፍ ይግላል። ገመዱ ካለበት በኩል ወደ ኋላ አትራመዱ። ይህን የምለው ወድቄ ስለማውቅ ነው፣ ጀርባዬ ላይ ማሽን እያለ። ኤሊ በጀርባዋ ስትገለበጥ አይታችኋል? እንደዚያ።

"ጋሼ፣ ማሽኑ አልስብ አለኝ" የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። አቧራው የሚጠራቀምበትን ከረጢት አየኸው? "አልሞላም።" ሙሉ እስኪሆን አይጠበቅም እኮ! ግማሹን አለፍ ሲል ይቀየራል። ደግሞም የኖራ፣ የሲሚንቶ ወይም የጂፕሰም ብናኝ ከጠረጋችሁ ከረጢቱ ባዶ መስሎ እንኳ የወረቀቱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ አየር አያልፍም። ከረጢቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ያለውን የጨርቅ ማጣሪያ እዩ፣ ከዚያ የሞተሩን ማጣሪያ፣ ከዚያ ዘንጉንና ቱቦውን። ቱቦውን ለመፈተሽ ከማሽኑም ከዘንጉም ፈትታችሁ አንድ ሳንቲም በአንድ ጫፍ ጣሉ። በሌላው ጫፍ ካልወጣ የተቀረቀረው እዚያ ነው። አንዴ አንድ ሙሉ ካልሲ አውጥቻለሁ። የማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም።

አየር ሲታፈን ሞተሩ ይግላል። ብዙዎቹ ማሽኖች ሲግሉ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያኔ ማብሪያውን ደጋግሞ መጫን ትርፍ የለውም። ንቀሉት፣ የታፈነውን አጽዱ፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ሹራብ ወይም ጃኬት የአየር መውጫውን ሸፍኖት እንደሆነም እዩ።

ከረጢት ሳያስገቡ መጀመር ደግሞ አለ። አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ከምር ጎበዝ፣ የሞላውን ከረጢት አውጥቶ ጣለ፣ አዲሱን ጋሪው ላይ ረሳው፣ ክዳኑን ዘጋና አንድ ፎቅ ጠረገ። ጥሩ ይስብ ነበር፣ ለዚህም ነው ያልታወቀው። ክዳኑን ሲከፍተው ያ ሁሉ አቧራ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ መጣ። ከሳቅን በኋላ የጨርቅ ማጣሪያውን ማጠብ የእሱ ሥራ ሆነ፣ ያጠበውን ደግሞ ገና እርጥብ እያለ መልሶ አስገባው። ሁለተኛ ስህተት! በእርጥብ ጨርቅ ላይ አቧራ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። የታጠበ ማጣሪያ ቢያንስ ሙሉ ቀን በአየር ይድረቅ፣ ተለዋጭ ቢኖራችሁ ይሻላል።

ስለ ሄፓ ማጣሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ስሙን ሲሰማ ይዘናጋልና። ሄፓ ማለት 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚያክል ብናኝን 99.97 በመቶ የሚያስቀር ነው። ከረጢቱ አፉ ላይ በደንብ ካልገጠመ ወይም የክዳኑ ጎማ ከተቀደደ ግን አየሩ በማጣሪያው አያልፍም፣ በጎን ያመልጣል። ያኔ ውድ ማጣሪያ ጀርባችሁ ላይ ይዛችሁ አቧራ እየበተናችሁ ነው።

ውኃ አትሳቡበት። ትኩስ አመድም። ለደረቅ አቧራ የተሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ጀርባችሁ ላይ ነው ያለው፣ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ስትዞሩ ደግሞ ጀርባችሁ እንደጨመረ አትርሱ። ጀማሪ ሰው ከፊቱ ያለውን ሁሉ ተጠንቅቆ ያልፍና ሲዞር ከኋላው ያለውን የአበባ ማሰሮ ይጥላል። ጠባብ ቦታ ላይ ወገብ ብቻ ሳይሆን በእግራችሁ ሙሉ ዙሩ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ወደ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ፣ ካልሆነ ዘለበት ውስጥ ይገባል።

ማውረጃው የማሰሪያው ግልባጭ ነው። ደረቱን ፍቱ፣ የትከሻውን አላሉ፣ ቀበቶውን መጨረሻ ላይ ፍቱ፣ እሱም ጠረጴዛ ወይም ጋሪ ተደግፋችሁ። ቀበቶውን መጀመሪያ የፈታ ሰው ሙሉ ክብደቱ በድንገት ትከሻው ላይ ይወርድበታል፣ ያውም ደክሞት ባለበት ሰዓት። ቱቦውን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፣ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ማሰሪያዎቹን ሁሉ ለቀጣዩ ሰው አላልቶ መሄድም አለ። እንዲህ የሚያደርጉ እስካሁን ሁለት ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ሁለቱንም ከረጢት እንዳይጎድልባቸው አድርጌ ነው የያዝኳቸው።